በውኃ ከፋዩ ላይ፦ በሞላሌ ዙሪያ ያሉ የጠጠር መንገዶችና የብስክሌት ጉዞ

ሞላሌ በሰሜን ሸዋ ዞን የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን የገብስ ማሳና የበግ ግጦሽ የከበባት ደጋማ ከተማ ስትሆን፣ ከውጭ የሚያገናኟት መንገዶች ለረጅም ዘመን የጠጠር ወይም የጥርጊያ መንገዶች ሆነው ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ መንገዶች መካከል ለብስክሌት ጉዞ የሚመቹት የትኞቹ እንደሆኑና የሚመቹበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማብራራት ነው።

ጥያቄው ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ መንገዱ ገጽ ነው፤ ጠጠሩ ደቃቅ ነው ወይስ ሻካራ፣ ጎማ ይበሳል ወይስ አይበሳም የሚለውን። የመሬቱን አቀማመጥ እየመረመሩ ሲሄዱ ግን የሚደረስበት መልስ ሌላ ነው። በመንዝ ብስክሌተኛን የሚያሳልፈው ወይም የሚያስቀረው ጠጠሩ ሳይሆን መስመሩ ነው። መንገዱ የተራራውን ጀርባ ተከትሎ ከሄደ ይነዳል፤ ሸለቆውን ከተሻገረ ግን ብስክሌቱ ራሱ ሸክም ይሆናል። ይህ ልዩነት የተጓዡ ምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጠጠሩ አንድ ቀን በአስፋልት ሲተካ ከጉዞው ምን ሊቀር እንደሚችል የሚወስነውም እርሱ ነው።

ስለ መንገዱ ስያሜ

በአገራችን ሰዎች ያልተነጠፈውን መንገድ በየደረጃው ለይተው ይጠሩታል። ጥርጊያ የሚባለው አፈሩ ተጠርጎ ብቻ የተተወ፣ ክረምት ሲገባ የሚዘጋው ነው። የጠጠር መንገድ የሚባለው ገረጋንቲ ወይም የተፈጨ ድንጋይ ለብሶ የተዳመጠ፣ የውኃ መውረጃ ቦይና ድልድይ ያለው ነው። ኮረኮንች ደግሞ የደረጃ ስም ሳይሆን የምሬት ስም ነው፤ ደቃቁ ታጥቦ ሄዶ ድንጋዩ የፈጠጠበትን መንገድ ሁሉ ተሳፋሪ በዚህ ቃል ይጠራዋል። የመንዝ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት በመሆኑ፣ ከዚሁ አለት የሚወጣው ጠጠር ጠንካራና ጠርዙ ስለታም ነው። ይህ ለመንገዱ ዕድሜ መልካም፣ ለጎማ ግን ክፉ ነው።

ባልተነጠፈ መንገድ ላይ በብስክሌት ረጅም ርቀት መጓዝ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ የስፖርት ዘርፍ የሆነው በቅርብ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ውድድር ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ተሳታፊዎች ያሉት ሆኗል፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም የዘርፉን የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በኢጣሊያ አካሂዷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የኬንያው ነው። በማሳይ ማራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚካሄደው የብዙ ቀን የጠጠር መንገድ ውድድር አስፋልት ያልደረሰበት የአርብቶ አደር ምድር ከዓለም ዙሪያ ጋላቢዎችን ሊስብ እንደሚችል አሳይቷል።

ኢትዮጵያ ለብስክሌት አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በጎዳና ብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ከ60 ዓመት በኋላም ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁን እንጂ የብስክሌታችን ታሪክ በአመዛኙ የአስፋልትና የሜዳማ ከተሞች ታሪክ ነው። ደጋው የበቅሎና የፈረስ አገር ሆኖ ቀርቷል። በእኔ እምነት የሞላሌን መንገዶች ለመረዳት የሚጠቅመው ከብስክሌት ታሪክ ይልቅ ይኸው የበቅሎ ታሪክ ነው።

መንዝ እንደ ጣሪያ

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሰምና ወርቅን የሚመለከት መጽሐፋቸው የመንዝን ድንበሮች ሲዘረዝሩ ወንዞችን ይጠራሉ፤ ሞፈር፣ አዳባይ፣ ወንጪትና ቀጨኔ። ምሥራቁን የሚዘጋው ደግሞ መንዝን ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ የሚለየው የተራራ ሰንሰለት ነው። ወንዞቹ ሁሉ የሚነሡት ከዚሁ ሰንሰለት ነው። በሌላ አነጋገር መንዝ አንድ ጎኑ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጣሪያ ይመስላል። ጫፉ በምሥራቅ ነው፤ ከጫፉ ወደ ምዕራብ ምድሩ ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል፤ በዚያው ላይ ወንዞቹ እየጠለቁ ሄደው ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያላቸው ሸለቆዎች ይሆናሉ።

የጣሪያው ጫፍ ውኃ ከፋይ ነው። በዚህ ጫፍ ላይ በምዕራብ በኩል የወደቀ ጠብታ በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራንያን ይደርሳል። ጥቂት እርምጃ ወደ ምሥራቅ የወደቀው ደግሞ በገደሉ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚህ መስመር ላይ የሚሄድ ሰው ወንዝ አይሻገርም። ወንዝ አለመሻገር ማለት ደግሞ ቁልቁል ወርዶ እንደገና አለመውጣት ማለት ነው። የቀድሞዎቹ ነጋዴዎችና ጭነኞች ይህን ያውቁ ነበር። በቅሎ በቀን ውስጥ የምትችለው ዳገት ውስን በመሆኑ መንገዳቸውን በተቻለ መጠን በተራራው ጀርባ ላይ ያደርጉ ነበር፤ ሸለቆ መሻገር ግድ ሲሆን ብቻ በጠመዝማዛ መውረጃ ይወርዳሉ።

የታሪኩ ሂደትም ከዚህ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉት ሦስቱ የመንዝ ምድሮች ስማቸውን ያገኙት በቃል ታሪክ አገሩን አቀኑ ከሚባሉት አባቶች ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ የመንዝ ሰው ነበር፤ ከእርሱ የተወለዱት የሸዋ ገዥዎች ሥልጣናቸውን ከዚህ ደጋ ተነሥተው ወደ ይፋትና ወደ አንኮበር አስፋፉ። ሸለቆው ጠላትን ይከለክላል፣ ጀርባው ሠራዊትን ያንቀሳቅሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመንም አርበኞች በዚህ ምድር መመከት የቻሉት የመሬቱን መግቢያና መውጫ በማወቃቸው ጭምር ነው።

የጉልበት ሒሳብ

መስመሩ ከጠጠሩ ይበልጣል ያልነውን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ነጂው፣ ብስክሌቱና ስንቁ በድምሩ 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 111 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ጎማው በጠጠሩ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ፣ እንደ ጠጠሩ መላላት፣ ከ20 እስከ 40 ዋት ይጨምራል። ስለዚህ ከደህና ጠጠር ወደ መጥፎ ጠጠር መሸጋገር የሚያስከፍለው 20 ዋት ያህል ነው። ተዳፋቱ ከ8 በመቶ ወደ 12 በመቶ ቢያድግ ግን፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ፣ ተጨማሪው ክፍያ ከ55 ዋት ይበልጣል። የጠጠሩ ክፋት ከዳገቱ ክፋት ጋር ሲነጻጸር ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ከፍታው ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ግብር ይጥላል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው በዚህ ከፍታ ለረጅም ሰዓት ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 150 ዋት ለረጅም ሰዓት የሚሰጥ ጤናማ ሰው ሞላሌ ላይ ከ120 እስከ 135 ዋት ይቀረዋል ማለት ነው። ይህን ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር ስናስተያየው ለመደበኛ ተጓዥ 8 በመቶ ተዳፋት የመንዳትና የመግፋት ድንበር ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ ሲካሄድ ስለ ከፍታው ብዙ ተብሏል፤ ሞላሌ ከኪጋሊ እጥፍ ገደማ ከፍ ብላ እንደምትገኝ ልብ ይሏል።

ማርሽም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 100 ሜትር ነው። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ከሆነና የፊቱና የኋላው ጥርስ ቁጥር እኩል ከሆነ፣ ፔዳሉ በደቂቃ 45 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ይህ ጉልበትን የሚሰብር አዝጋሚ ዙር ነው። ፊቱ 30፣ ኋላው 42 ጥርስ ቢሆን ግን ዙሩ ወደ 65 ከፍ ይላል፣ ጉልበትም ያርፋል። በከተሞቻችን የሚታየው ባለ አንድ ማርሽ ከባድ ብስክሌት ለመንዝ ዳገት የማይሆነው ነጂው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ አዲስ አበባ ላይ የተነፋ ጎማ ከፍታው ላይ አይፈነዳም ወይ የሚል። አይፈነዳም። ከ2,400 ሜትር ወደ 3,400 ሜትር ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት በ9 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሚቀንስ ጎማው ጥቂት ይጠነክራል። ነገር ግን በ20 ዲግሪ ሙቀት የተነፋው ጎማ በ5 ዲግሪ ብርድ ጧት ሲገኝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ይህ ደግሞ ከዚያ በጥቂቱ የሚበልጥ ግፊት ይቀንሳል። ሁለቱ ተጣጥተው የሚቀረው ልዩነት በጣት የማይለይ ነው። ከዚህ ይልቅ ስለ ስለታሙ ባዛልት ማሰብ ይሻላል፤ ከ45 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው ጎማ፣ ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማና የራስን ቀዳዳ በራስ የመለጠፍ ችሎታ ያስፈልጋል። ጎሚስታ በየመንደሩ አይገኝም።

ከሞላሌ ወዴት?

በዚህ መለኪያ ሲታይ ከከተማዋ የሚወጡት አቅጣጫዎች እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው ከደቡብ የሚመጣው ነው። የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልት ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሥ የነበረውን የጣሊያን የመኪና ሰልፍ ለማዘግየት መንገዱ በፈንጂ የተሰበረው በዚሁ በር ላይ ነበር። ወደ መንዝ የሚሄደው መንገድ ግን አይወርድም፤ ከበሩ ተገንጥሎ በከፍታው ላይ እንዳለ በመዘዞ በኩል ወደ ሰሜን ያቀናል። ይህ መስመር በአመዛኙ የጣሪያውን ጫፍ የተጠጋ ነው። የምኒልክ መስኮት በሚባለው ስፍራ ገደሉ ድንገት ተከፍቶ የይፋት ቆላ ከእግር ሥር ይታያል፤ ጭላዳዎችም በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ ይውላሉ። በዚህ መስመር ላይ ትልቁ ፈተና ዳገት ሳይሆን ጉም ነው። ከስምጥ ሸለቆው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን እየወጣ ሲቀዘቅዝ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ይሆንና መኪናውንም ብስክሌተኛውንም በአንድነት ያሳውራል። ስለዚህ ጉዞው ጧት ተጀምሮ ከሰዓት በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል፤ የኋላ መብራትም በቀን ጭምር መበራት ይኖርበታል።

የምዕራቡ አቅጣጫ ባጭሩ ይነገራል። ወደ ላሎ ምድርና ወደ ወገሬ የሚያመሩት መንገዶች በወንዞቹ መካከል በቀሩት ሜዳዎች ላይ እስከሄዱ ድረስ ለግማሽ ቀን ዙር የሚሆኑ ናቸው። ከዚያ በኋላ ምድሩ ይሰበራል። መርሐ ቤቴንና ዓለም ከተማን በዓይን ማየትና በብስክሌት መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከል ያሉት ሸለቆዎች ቁልቁለታቸው ፍሬን የሚያግል፣ ዳገታቸው ትከሻ የሚጠይቅ ነው። እዚህ በቅሎ አሁንም ከብስክሌት ትበልጣለች።

በከተማዋ አቅራቢያ ያሉት አጫጭር ዙሮች ግን ችላ ሊባሉ አይገባም። የመንዝ በግ አገር የሚታየው በእነዚህ ላይ ነው። ይህ ትንሽ፣ ጠንካራና ባለ ሻካራ ጠጉር በግ የአካባቢው ዋና ሀብት ሲሆን፣ ከጠጉሩ የሚሠራው ባናና በርኖስ የመንዝን ስም በመላ አገሪቱ አስጠርቷል። ሞላሌና መሐል ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገበሬዎች አውራ በጎችን በጋራ እየመረጡ ዝርያቸውን የሚያሻሽሉበት ሥራ ከተጀመረባቸው ቀደምት የአገራችን ስፍራዎች መካከል ናቸው። በብስክሌት የሚያልፍ ሰው መንጋ ሲያጋጥመው ወርዶ መቆም ይኖርበታል። ደወል መደወል መንጋውን ይበትናል፤ የተበተነ መንጋ ለመሰብሰብ እረኛው ልጅ ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል።

ጓሳና ሕጉ

ሦስተኛው አቅጣጫ፣ ከሞላሌ ወደ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ጓሳና መሐል ሜዳ የሚወስደው፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያጓጓም የሚያሳስብም ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በጓሳ ሣር፣ በአስታና በጅብራ የተሸፈነ ውርጫም ምድር ነው። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች የሆኑት ቀይ ቀበሮዎች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ስፍራዎችም አንዱ ነው። ለብስክሌተኛ ያለ ወንዝ መሻገር በጣሪያው ጫፍ ላይ መጓዝ ማለት እዚህ ነው።

ነገር ግን ጓሳ ባለቤት የሌለው ምድረ በዳ አይደለም። በአካባቢው ወግ መሠረት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የጋራ ሀብት ነው (ቃሉ ዛሬ በሌላ ትርጉም ይበልጥ ቢታወቅም)። የቃል ታሪኩ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ምድሩን የተካፈሉት በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው እንደሆነ ይተርካል። የድንበሩ ምንጭ ግልቢያ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ያለው ቅርበት ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በሥርዓቱ ጓሳው ለተከታታይ 3 እስከ 5 ዓመት ከማንኛውም አጨዳና ግጦሽ ይዘጋል፤ ሣሩ ሲበቃ በሕዝብ የተመረጠው አለቃ ሲፈቅድ ይከፈታል። ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ ይሆናል፤ ጨረንፌው ማገዶ ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት ባለቤትነት ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ለጊዜው ያለ ጠባቂ ቀረ። ሕዝቡ ግን ከየቀበሌው ተወካዮች የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው፤ ዛሬ ስፍራው የማኅበረሰብ ጥበቃ ክልል ሆኖ በክልሉ ሕግ ታውቋል፣ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር የእንግዳ ማረፊያም አለው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ጎረቤት እንኳ በጊዜው ካልሆነ በማይገባበት ሣር ላይ እንግዳ በጎማ የመሄድ መብት ሊኖረው አይችልም። ምክንያቱ ክብር ብቻ አይደለም፤ አሠራሩም ይጠይቀዋል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመሬት ውስጥ ጉድጓድ በሚምሱ አይጦች ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በሣሩ መካከል የሚያልፍ ጎማ ጉድጓዱን ይደረምሳል፤ በእርጥብ አፈር ላይ የተወው ጭረትም በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል። ቀበሮው ምግቡን የሚፈልገው በቀን ስለሆነ በጸጥታ የሚጓዝ ብስክሌተኛ ከመኪና ይልቅ ሊያየው ይችላል፤ በዚያው ልክ በቅርብ ሊያስደነግጠው ይችላል። ሌላው አደጋ ከከተማ የሚከተል ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የቀይ ቀበሮን መንጋ ደጋግሞ ያጠቃ በመሆኑ፣ ብስክሌተኛን እያባረረ ወደ ጓሳው የሚገባ ውሻ ተራ ነገር አይደለም። ነጂው ቆሞ ውሻውን ወደ ባለቤቱ መመለስ እንጂ ሸሽቶ ማምለጥ የለበትም።

ወቅትና ስንቅ

የጉዞው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ያወርዳል፣ ጧት የተቀመጠ ውኃ በረዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ይጀምርና ዋልካው አፈር በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል እየተጠቀጠቀ መንኮራኩሩን ያስቆማል። ክረምቱ ለብስክሌት የተዘጋ ነው ብሎ መውሰድ ይገባል። የደረቁ ወራት ችግር ደግሞ የመንገዱ መሸብሸብ ነው፤ ፈጣን መኪኖች በደረቅ ጠጠር ላይ ሲመላለሱ ጎማቸው እየነጠረ መንገዱን እንደ ቆርቆሮ ክዳን ያሸበሽበዋል። ብስክሌተኛ የሚያመልጠው ጠጠሩ ቀጭን በሆነበት በዳሩ በኩል ነው፣ ማለትም እግረኛውና በቅሎው በሚሄዱበት።

ስለ ምግብ ከውጭ የሚመጣ ጣፋጭ ማሸጊያ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። በዚህ ጉዞ ሰውነት በሰዓት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። የመንዝ ገብስ በሶ ሆኖ ሲዘጋጅ በ300 ግራሙ ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ አይበላሽም፣ በየቤቱም ይገኛል። የአገሩ መንገደኛ ለዘመናት የተጓዘው በዚሁ ነው። ውኃ በሞላሌ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ጀርም ለመግደል ይበቃል።

ጠጠሩ የማን ነው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ መንገዱን ከብስክሌተኛው ወገን ሆኖ ያየ ነው። ሌላ ወገን አለ። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስድ አምቡላንስ በዚሁ ኮረኮንች ላይ ይንገጫገጫል። ለገበያ የተጫነ በግ በዚሁ ላይ ይደክማል። የሞላሌ ሰው መንገዱ አስፋልት እንዲሆን ቢመኝ ትክክል ነው፤ ጠጠሩን እንደ ቅርስ ጠብቁልን የሚል እንግዳ ቢመጣ ሊደመጥ አይገባውም። የጠጠር መንገድ ብስክሌት አፍቃሪዎች ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ይህን ይዘነጋሉ፤ የሌላውን ችግር የራሳቸው ጀብዱ ያደርጉታል።

ከዚህም በፊት የሚመጣ ነገር አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ መዘዞና ሞላሌ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዶቹን ለተጓዥ ብቻ ሳይሆን ለነዋሪውም አስጊ አድርጓቸዋል። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ለነገ ጉዞ የቀረበ መምሪያ አይደለም፤ ሰላም ሲመለስ የሚሠራበት ንድፍ ነው። ንድፉን አሁን ማሰቡ የሚጠቅመው ከግጭት በኋላ የሚመጣው የመንገድ ሥራ ብዙውን ጊዜ በጥድፊያ ስለሚካሄድና ስለ እግረኛና ስለ ከብት የሚጠይቅ ሰው ስለማይገኝ ነው።

በዚህ ላይ ከላይ የተገኘው ውጤት መንገድ ያሳያል። ዋጋ ያለው መስመሩ እንጂ ጠጠሩ ካልሆነ፣ የአስፋልት መምጣት የብስክሌት ጉዞውን አያጠፋም። የሚያስፈልገው ከመዘዞ እስከ ጓሳ ባለው የጣሪያው ጫፍ ላይ መንገዱ ሲነጠፍ ከአስፋልቱ ዳር ሁለት ሜትር ያህል ያልተነጠፈ፣ የተዳመጠ የገረጋንቲ ዳር እንዲተው ነው። ይህ ለብስክሌተኛ ሲባል የሚጠየቅ ቢሆን ኖሮ ቅንጦት በሆነ ነበር። ነገር ግን በበጋ ፀሐይ የጋለ አስፋልት ላይ ከመሄድ ይልቅ ለስላሳ ዳር የሚመርጠው በቅድሚያ በጉ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተጫነችው በቅሎ፣ ከእርሷ በኋላ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ። ብስክሌተኛው ከኋላቸው ተሰልፎ፣ መንጋው ሲያልፍ ወርዶ እየቆመ፣ በዚያው ዳር ሊሄድ ይችላል። የዳሩ ስፋት የሚለካው ሁለት ጭነት የተጫኑ በቅሎዎች ሳይነካኩ በሚተላለፉበት ልክ ቢሆን ለሁሉም ይበቃል።